እማማ ሃስኬል ማክሰኞ አትመጣም

ዱራንት ዌልስ፣ ካሊፎርኒያ
ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1975

ለአንድ ልጄ ለሮይስ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ያ የመንጋጋ ጥርስህ ተነቀለልህ ወይስ አሁንም በጨው ውሃ እያባበልከው ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ሙቀቱ ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ገና ከረፋዱ ጀምሮ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ጥላ ፈልገው አፋቸውን ከፍተው ነው የሚውሉት። እኔ ደግሞ የሱፍ ኮት ለብሻለሁ፤ ፊልሙ ላይ በረዶ ሊጥል ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ከፍቶ ለሚያነበው የወህኒ ቤቱ ሹም ሰላም እላለሁ። ጌታዬ፣ ከዚህ በታች ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ባንክ ዘረፋና ስለ እኔ መገደል ቢያነቡ እንዳይደነግጡ፤ ፊልም ነው። ጠመንጃው እንጨት ነው፤ ደሙ ቀይ ቀለም የገባበት የበቆሎ ሽሮፕ ነው፤ እኔም የሞትኩት ባለፈው ሐሙስ ሲሆን በአሁኑ ሰዓት ጤንነቴ ጥሩ ነው።

የምጽፍልህ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። መኪና ይበሉት እንጂ ሞተር የለውም፤ ሲፈለግ በገመድ ይጎተታል። በግራ ጎኑ ጥቁር፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ ተቀብቷል። ከግራ ሲቀረጽ የእኛ የወንበዴዎቹ ነው፣ ከቀኝ ሲቀረጽ የፖሊሶቹ። ሁለት መኪና ለመከራየት አቅም የለንማ! ጠዋት እሸሻለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ራሴን አሳድዳለሁ። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ተሰብሯል፤ ሰው መጥቶ ካልከፈተልኝ መውጣት አልችልም። አሁን ደመና መጥቶ ፀሐይዋን ስለሸፈነብን፣ ደመናው እስኪያልፍ ብለው ሁሉም ቀዝቃዛ መጠጥ ፍለጋ ሄደዋል። እኔን ረስተውኛል። ስለዚህ የቀረጻ ፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው እየጻፍኩልህ ነው።

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። አራት መስመር ናት። ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት ብነግርህ ትስቅብኛለህ። «ማማ፣ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 16 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አመክሮ ቦርድ ፊት እቀርባለሁ። ብትመጪ ደስ ይለኛል። ከመጣሽ ግን ራስሽን ሆነሽ ነይ። እንደ ባለፈው ከሆነ ቅሪ።»

ቅሪ! እናትህን ቅሪ? መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ሆድ ባሰኝ። ራት ሳልበላ ተኛሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ስነሳ ዓይኔ አብጦ የፊት ቀለም ቀቢው «ምን ነካሽ?» ቢለኝ «ትንኝ ነው» አልኩት።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ባለፈው ምን አጠፋሁ? የዛሬ ሁለት ዓመት ቦርዱ «እናትየዋ የምትለው አለ?» ሲል ተነሳሁ። ያሰብኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ደግሞ በመጀመሪያው ፊልም እማማ ሃስኬልን ሆኜ ስጫወት ፍርድ ቤት ቆሜ የምለው ነው። «ልጆቼ» የሚለውን «ልጄ» አደረግኩት እንጂ ሌላውን አንዲት ቃል አልነካሁም። «ልጄ ክፉ ሆኖ አልተወለደም! ክፉ ያደረገችው ይቺ ዓለም ናት! እሱን ከማሰራችሁ በፊት እኔን እሰሩኝ!» እንባዬ በሰዓቱ ወረደ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች መሐረብ አወጡ። ይሄኔ ያ ሽበታሙ የቦርድ አባል መነጽሩን አወለቀና፣ «ሚስስ ታትል፣ ይቺን ንግግር እኔና ባለቤቴ መኪናችን ውስጥ ሆነን፣ ሜዳ ላይ በተተከለው ሲኒማ ፋንዲሻ እየበላን ሰምተናታል» አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ጫማህን ታይ ነበር። ውሳኔው ላይ «ቤተሰቡ ጥፋቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም» ብለው ጻፉ፤ ሁለት ዓመት ጠብቅ ተባልክ። እሺ፣ ይሄ ጥፋቴ ነው። ግን ልጄ፣ ክፉ አይደለህማ! ያ የነዳጅ ማደያው ሰውዬ ራሱ ደንግጦ ወደቀ እንጂ አንተ በጣትህ እንኳ አልነካኸውም። ሽጉጡም የእንጨት ነበር። የማይተኩስ እንጨት! ይህን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ። ለማክሰኞም አዲስ ንግግር አዘጋጅቻለሁ፤ ከማንም ፊልም ያልተወሰደ፣ እኔው የጻፍኩት፣ አንጀት የሚበላ።

ችግሩ መምጣቱ ላይ ነው። ልጄ፣ ተይዣለሁ። እንዴት እንደተያዝኩ ልንገርህና ፍረደኝ።

«የሃስኬል ቤተሰብ» የሚባለው ፊልማችን ሁለተኛ ክፍል እየተሠራ ነው። ባለፈው እንዳየኸው፣ በእነዚያ በክፉዎቹ ሠላሳዎቹ ዓመታት አቧራው እርሻዋን፣ ባንኩ ደግሞ መሬቷን የወሰደባት እናት ሦስት ልጆቿን አስታጥቃ ባንክ ለባንክ ትዞራለች። በመጨረሻ በጥይት ወንፊት ሆኜ እንደሞትኩ አገር ያየው ነገር ነው። ሌላንድ ፓጌት ስልክ ደውሎ «ተመልሰሻል!» ሲለኝ ግራ ገባኝ። ሌላንድ ያው ዳይሬክተሩም፣ ባለገንዘቡም፣ የጭነት መኪናው ሾፌርም ነው።

«ሞቼ የለም እንዴ?» አልኩት።

«የሞተችው እህትሽ ናት።»

«እህት አለችኝ?»

«አሁን አለችሽ።»

አልመጣም ልለው ነበር። ለካ የመጀመሪያውን ፊልም ስንሠራ የፈረምኩት ወረቀት አራት ገጽ ነበረው። እኔ ያነበብኩት አንዱን ገጽ ነው፤ ስሜ በትልቁ የተጻፈበትን። አራተኛው ገጽ ላይ ምን ይላል መሰለህ? ተከታይ ክፍል ከተሠራ በተጠራሁበት ቀን እቀርባለሁ፤ ቀረጻው ሳያልቅ ጥዬ ከሄድኩ የጠፋውን ሁሉ ቤቴን ሸጬም ቢሆን እክሳለሁ። ቤቴን! ያቺን በጎማ ላይ የቆመች ሁለት ክፍል። ቦርዱ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው «ሲወጣ የት ይኖራል?» ብሎ ነው። ብመጣልህ የምታርፍበትን ቤት ላጣ ነው፤ ቤቱን ላድን ብል መምጣቴ ይቀራል። ወዴት ልሂድ?

ዘዴ ፈጠርኩ። ትናንት ሌላንድን ብቻውን ሳንድዊች ሲበላ አገኘሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሌላንድዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ቶሎ ግደለኝ።»

ማኘኩን አቆመ። «ምን አልሽ?»

«ሰኞ ግደለኝና ማክሰኞ ልጄ ጋ ልሂድ። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጆቼ ይሥሩት። እናታቸውን ይበቀሉ። ደስ አይልም?»

«ቨርና፣ አንቺ እኮ ሞተሻል» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር። «ሐሙስ ገድለንሻል። ረሳሽው?»

አልረሳሁትም፤ ትርጉሙ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፊልም እንደ ታሪኩ ቅደም ተከተል እንደማይቀረጽ ታውቃለህ፤ ቦታ በተገኘበት ቀን ነው የሚቀረጸው። የመጨረሻው ተኩስ የሚካሄድበትን አሮጌ ቤት ባለቤቱ ዓርብ ሊያፈርሰው ስለነበር፣ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ የባልደረቦቼን ስም እንኳ ሳላጠና፣ በረንዳው ላይ ገደሉኝ። ዓርብ ቤቱ ፈረሰ። ሞቴ በቆርቆሮ ታሽጎ ወደ ፊልም ማጠቢያ ቤት ሄዷል፤ ማንም አይነካውም። የቀረው ከሞቴ በፊት ያለው ሕይወቴ ነው፤ እሱ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈጃል።

«ማክሰኞ ደግሞ ባንኩ ነው» አለ ሌላንድ። ባንኩ የከብት መኖ መደብር ነው፤ ድሮ ባንክ ነበር፤ ባለቤቱ ገበያ የሚወጣው ማክሰኞ ብቻ ስለሆነ ሌላ ቀን አይሰጠንም። «ያለ እማማ ሃስኬል ባንክ አይዘረፍም። አዝናለሁ፣ ቨርና። ልጅሽን ሰላም በይልኝ።»

ሰላም ብሎሃል። ቆሽቴ አረረ። በሩን ሊከፍቱልኝ እየመጡ ነው፤ ደመናው አልፏል። እመለሳለሁ።

---

ተመለስኩ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ባቄላና ቦሎኛ የሚሉት ቋሊማ፤ ስድስተኛ ቀናችን ነው፣ ከባቄላና ቦሎኛ ሌላ አላየንም። ጉድ ሆኗል፤ ስማ።

ዊኒ ፓስክ የምትባል ሴት አለች። ሥራዋ ማን ሲጋራውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የማን አንገትጌ ቁልፍ ተከፍቶ እንደነበር መጻፍ ነው፤ ዛሬ የተጀመረው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ሲጨረስ እንዳይዛነፍ። ወፍራም ደብተር ከአንገቷ አይለይም። በእኔ ዕድሜ ናት፣ አፏ ግን ከእኔም ይብሳል። ከመኪናው ስወጣ ዓይኔን አይታ፣ «ይሄኛው ፊት ከጠዋቱ ጋር አይገጥምም። ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ነገርኳት። ሁሉንም። የአንተን አራት መስመር ሳይቀር።

«ዙሪ» አለችኝ።

«ምን?»

«ዙሪ እልሻለሁ! ጀርባሽን ልየው።» ዞርኩ። «በቃ፣ ይሄ ጀርባ የማንም ሊሆን ይችላል። የሞቴሉ ባለቤት ሚስት ኮትሽንና ባርኔጣሽን ብትለብስ ከኋላ ቁርጥ አንቺን ናት። ማክሰኞ ባንኩን እሷ ትዝረፍ። የአንቺን ፊት ሰኞ ግድግዳ አስደግፈን እንቀርጸዋለን፤ 'ገንዘቡን አምጣ' ብለሽ ጮኸሽ ትሄጃለሽ።»

አቅፌ ልስማት ስል፣ «ሊፕስቲክሽን እንዳታበላሺ፣ ጽፌዋለሁ» ብላ ገፋችኝ። ወዲያው ሌላንድን ይዛው መጣች። አጉረመረመ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አደረገ። ከዚያ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ሲመጣ ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው።

«ይሁን። ለሦስተኛው ክፍል ከፈረምሽ ማክሰኞን ውሰጂ።»

«ሦስተኛ? እህቴም ሞተች፣ እኔም ሞትኩ! አሁን ደግሞ ማን ልሆን ነው?»

«አክስታቸው። ለአክስትነት ደግሞ ፊትሽ የታወቀ ነው።»

ዊኒ ሳቋን በደብተሯ ሸፈነች። እኔ አልሳቅኩም። ወረቀቱን አመጣ፤ ይሄኛው አምስት ገጽ ሆኗል። መኪናው ላይ ዘርግቼ፣ በፖሊሶቹ በኩል፣ ከመጀመሪያዋ ፊደል እስከ መጨረሻዋ አነበብኩት፤ ሌላንድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ላቡ እየተንጠባጠበ ጠበቀኝ። ኤፕሪል ላይ አሥራ ስምንት ቀን፣ እንደገና እዚሁ ሸለቆ። ጥዬ ከሄድኩ እንደገና ቤቴ። ፈረምኩ። አንድ ማክሰኞ ለማግኘት ራሴን እንደገና አስያዝኩ። ይሁን፤ ከመጣሁልህ ግድ የለኝም። ቦርዱንም «ኤፕሪል ላይ አሥራ ስምንት ቀን ከቤት አልኖርም» ብዬ ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ በኋላ ደርሰውበት ውሸታም እንዳይሉን።

ስለዚህ እመጣለሁ፣ ሮይስ! ሰኞ ሥራ እንዳለቀ እነዳለሁ፤ ዊኒ መኪናዋን ትሰጠኛለች፣ የእኔ ዳገት አይወጣም። ደስ ብሎኛል፤ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤቱን ትዕይንት በአንዴ ጨርሼ ንግግሬን አጠናለሁ።

---

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሞቴሉ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ብርሃኑ እየደከመ ስለሆነ ጽሕፈቴ ካስቸገረህ ይቅር በለኝ።

የፍርድ ቤቱን ትዕይንት የቀረጽነው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ዳኛው ኦርቪል ነው። ሸሪፉም ኦርቪል ነው፤ ሸሪፍ ሲሆን ጢም ይለጠፍለታል። ደግ ሰው ነው፤ ሥራ ሲጠፋ ኢንሹራንስ ይሸጣል። የጽሑፌን ገጽ ሲሰጡኝ አየሁት፤ ያው ንግግር! ያው፣ ቃል በቃል፣ ከመጀመሪያው ፊልም።

«ሕዝቡ ወዶታላ!» አለ ሌላንድ። «ሰው የወደደውን ለምን እቀይራለሁ? እንባዋን እንዳትረሺ፣ ቨርናዬ። የምንቀርጽበት ጥሬ ፊልም ሊያልቅብን ነው፤ ብዙ ጊዜ መሞከር አልችልም።»

ካሜራው ዞረ። «ክቡር ዳኛ፣ ልጆቼ ክፉ ሆነው አልተወለዱም...» አልኩና ቀጥ አልኩ። ጠፋብኝ እንዳትል፤ ያንን ንግግር ተኝቼ እወጣዋለሁ። ግን ያ የፋንዲሻው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ አጠገቡ አንተ፣ ጫማህን እያየህ። ሌላንድ «ካት!» ብሎ ቀረጻውን አቆመ። ውሃ ሰጡኝ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና እዚያችው ቃል ላይ ቆምኩ።

በዚህ ጊዜ ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርህ። ክስህ የታየ ዕለት ነው፣ የዛሬ አራት ዓመት። ከችሎት ስወጣ እጄ በቦርሳና በጃኬትህ ተይዞ ነበር፤ አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ያዘልኝ። በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው በር። የነዳጅ ማደያው ባለቤት፣ ሚስተር ናይኲስት ናቸው። ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ አመሰግናለሁ ሳልል አለፍኩ። ስማቸውን ከዚያ ወዲህ በአፌ አንስቼው አላውቅም። «ያ ሰውዬ» ነው የምለው። ዛሬ ጠዋት እንኳ እዚሁ ደብዳቤ ላይ ያልኩትን መለስ ብለህ እየው።

ሌላንድ ለሦስተኛ ጊዜ «ጀምሪ!» ሲል አፌ ተከፈተና ሌላ ነገር ወጣ።

«ክቡር ዳኛ» አልኩ፣ «ልጄ አድርጎታል። ነዳጅ ማደያ ገብቶ ሰው ላይ ሽጉጥ ደግኗል። ሽጉጡ እንጨት ነው። ሚስተር ናይኲስት ግን ይህን በምን ያውቃሉ? ለእሳቸው እውነተኛ ሽጉጥ ነው። ወደ ኋላ ሲሸሹ መኪና የሚጠገንበት ጉድጓድ ውስጥ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጄ ባይገባ ኖሮ አይወድቁም ነበር። ያንን ሽጉጥ ከፊልም ሥራ ወደ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየደገንኩ አስቂያለሁ። ልጄ ሰው ሽጉጥ ሲደገንበት እንደሚስቅ ከእኔ ነው የተማረው።»

ካሜራው ብቻ ነው የሚሰማው። ኦርቪል ዳኛ መሆኑን ረሳው መሰለኝ፤ ጎንበስ ብሎ በራሱ ድምፅ፣ «ታዲያ ሰውየው አሁን እንዴት ሆኑ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ጠይቄ አላውቅም።»

«ካት!» አለ ሌላንድ። «ናይኲስት ማነው?»

ዊኒ ቀና ብላ አየችኝና ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ በኋላ ሳየው «ከጽሑፉ ጋር አይገጥምም» ይላል። ሌላንድ ክፉ ሰው አይደለም። መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ፤ «ቨርና፣ የቀረኝ የሦስት ደቂቃ ፊልም ነው። እንደ ጽሑፉ። እባክሽ» አለኝ።

እንደ ጽሑፉ አደረግኩት። እውነቱን ስናገር ዓይኔ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። «ክፉ ሆነው አልተወለዱም» ስል ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ በሰዓቱ፣ በቦታው፣ ምንም ሳልቸገር። ሲያልቅ አጨበጨቡልኝ። መብራት የሚይዘው ሰውዬ እንኳ አፍንጫውን ጠረገ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ራሴን የፈራሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ «ምን አጠፋሁ?» ስል የኖርኩት ሴትዮ ዛሬ መልሱን አገኘሁት።

ከዚያ የሞቴሉን ስልክ ለመንኩና ኦፕሬተሯን ጠየቅኋት። ናይኲስት የሚባል በእኛ ከተማ አንድ ብቻ ነው። ሦስቴ ጠራና ተነሳ።

«ቨርና ታትል ነኝ» አልኩ። «የሮይስ እናት።»

የዘጉት መስሎኝ ነበር፤ የሬዲዮ ድምፅ ግን ይሰማል።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ።

«እንዴት ነዎት ብዬ ለመጠየቅ ነው።»

«አራት ዓመት ፈጀብሽ።»

«አዎ።»

ሬዲዮውን ቀነሱት መሰለኝ። «ብርድ ሲሆን ይብሰኛል» አሉ። «ደረጃ አልወጣም። ማደያውን ሸጥኩት፤ ቆሞ መዋል አልቻልኩም። ሌላስ?»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፣ ሮይስ። «ማክሰኞ ቦርድ አለው፣ አንድ ቃል ቢጽፉለት፣ አፈር ስሆን» የምትለዋ። እንዴት አድርጌ እንደምላት፣ የቱ ጋ ድምፄ እንደሚሰበር ሁሉ ተሰምቶኝ ነበር። ዋጥኳት። «ሌላ የለም፣ ሚስተር ናይኲስት» አልኩ። «በዚያን ቀን በሩን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ።»

«የቱን በር?» አሉ። አላስታወሱትም። ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ይህን የምነግርህ ደስ እንዲልህ ብዬ አይደለም። ይቅር ማለታቸው እንደሆነ ወይም በእኔ መሰልቸታቸው አላውቅም። ምናልባት ነገ ተናድደው ለቦርዱ በአንተ ላይ ይጽፉ ይሆናል፤ ያንንም ቢሆን መብታቸው ነው። ነገሩን አበላሽቼብህ ከሆነ ግን እያወቅሽ ነው ያደረግሽው በለኝ፤ ስልኩን ሳነሳ ይህን አስቤዋለሁ።

አዲሱን ንግግሬን ቀድጄ ጣልኩት። ጥሩ ነበር፤ ቀድጄ ስጥለው እንኳ አሳዘነኝ። ማክሰኞ ሲጠሩኝ ተነስቼ የማውቀውን ብቻ ነው የምናገረው። ልጄ ጥፋተኛ ነው። ሽጉጡን ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ሚስተር አክሰል ናይኲስት ይባላሉ፤ ደረጃ አይወጡም። ልጄ ከወጣ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ አልጋው ተነጥፏል። ከዚህ በኋላ እቀመጣለሁ። ድምፄ ቀጭን ይሆናል፤ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም፤ ምናልባት መሀል ላይ ይጠፋብኝ ይሆናል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ መጥፎ ሆኜ የምታይበት ቀን አይኖርም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አላለቅስም። ወደ እስር ክፍልህ ቢመልሱህም፣ «እንደገና ሁለት ዓመት» ቢሉህም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ አላለቅስም። ሹሞቹ «ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት?» ቢሉ ይበሉ። አንተ ግን ቀና በልና እየኝ። ዓይኗ ደርቆ የቆመችው ሴትዮ ማን እንደሆነች አንተ ታውቃታለህ።

ዊኒ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ታስገባልኛለች፤ ቅዳሜ እጅህ ይገባል። እስከዚያ ጥርስህን ለሐኪም አሳይ፣ አትፍራ። ሌሊቱን በሰላም ያሳድርህ፤ ጠዋት ስትነሳ ልብህን ቀለል ያድርግልህ፤ የዚያን ክፍል በር ስትገባም ስትወጣም እግዚአብሔር ከፊትህ ይቅደም።

እናትህ፣
ቨርና ታትል